ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለችው ሸረሪት

እኛ የሆስፒታሉ ልብስ ክፍል ሴቶች «የጉንዳን ሐኪም» እንላታለን። ቤት ውስጥ ግን ስሟ ሚጡ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቷትም ሚጡ ናት። የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች እናቷ ያወጡላት ስም ነው፤ ቁመቷም ቢሆን ስሙን አያሳፍረውም።

ሥራችን መጠገን ነው። መሃሉ የሳሳ አንሶላ ሲመጣ ለሁለት እንቀድደዋለን። ከዚያ ጠንካራውን ዳርና ዳር መሃል ላይ አጋጥመን እንሰፋለን፣ የሳሳው ወደ ጠርዝ ይሄዳል። አንሶላው ሌላ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ጋውን ላይ ማሰሪያ እንተክላለን፣ የትራስ ልብስ እንጥፋለን። ከሚጡ ጋር እንዲህ ስንሠራ ሃያ አንድ ዓመት ሆነን። አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ጫፍና ጫፉን ይዘን ስንራራቅና ስንቀራረብ ነው ይህን ሁሉ የነገረችኝ።

የምትኖረው ተወልዳ ባደገችበት ቤት ነው። ከኋላው ከአንድ መኝታ ክፍል ብዙም የማይሰፋ ጓሮ አለ፤ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ ያረጀ የበለስ ዛፍ፣ ሦስት ቁጥቋጦ ጽጌረዳ፣ የተሰነጣጠቀ የድንጋይ አጥር። ሰው አይቶ «ባዶ ነው» የሚለው ጓሮ ነው። እሷ ግን ከሥራ እንደተመለሰች ዝቅ ያለች በርጩማ ይዛ ትወጣና አንድ ሰዓት ሙሉ ትቀመጣለች። በተለይ በመጸው መግቢያ፣ ዝናቡ አባርቶ ጠዋት ጠዋት ጤዛ መውረድ ሲጀምር፣ ከዚያ የሚያስነሳት የለም። ጉንዳኖቹ ክንፍ አውጥተው ከአጥሩ ስንጥቅ ይፈልሳሉ። ተርቦቹ የወደቀ በለስ ላይ ሰክረው ይንገዳገዳሉ። እጇን አጣጥፋ የምትጸልይ የምትመስለው አረንጓዴ ፌንጣ ሆዷ ተነፍቶ እንቁላል የምትጥልበት ግንድ ትፈልጋለች። ክረምቱን ሙሉ ከምስር የማይበልጡት ሸረሪቶች በድንገት የአውራ ጣት ጥፍር ያክላሉ። ቢጫና ጥቁር ሰንበር ያላት አንዷ ደግሞ ያረጀ ድሯን በልታ በቦታው አዲስ ትሠራለች።

«እኛም እንደሷ አንሶላውን ብንበላው ኖሮ ይሄኔ ወፍረን ነበር» አለችኝ አንድ ቀን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ከሰማች ዝም አትልም። «የአንበሳውን እንጃ። ዝንብ ግን በቀን አሥራ አራት ታስራለች» ትላለች። ቆጥራ ነው።

ያየችውን ሁሉ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደነበረ፣ ስንት እንደነበሩ። እያንዳንዱ ገጽ መሃሉ ላይ በማስመሪያ ተከፍሏል። በግራ «የእኛ ግቢ» ይላል፣ በቀኝ «የእትዬ ግቢ»።

እትዬ ታላቅ እህቷ ናት፣ በስምንት ዓመት ትበልጣታለች። ሃያ ሰባት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ድምፅዋ ማር ነው፤ «ይቅርታ፣ ቁጥሩ አይነሳም» ስትል እንኳ ሰው አመስግኖ ነበር የሚዘጋው ይባላል። ያገባችው መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው። የሚኖሩት በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ግቢያቸው ከሚጡ ጓሮ አምስት እጥፍ ይሰፋል። ሚጡ ድሮ ስትሄድ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ባለው እርጥብ ጥግ ደግሞ በሕይወቷ ካየቻቸው ሁሉ የሚበልጡ ሸረሪቶች ነበሩ። ሁለት ግቢ ማወዳደር የጀመሩት ያኔ ነው። በየቅዳሜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ትደውላለች፣ ያየችውን ትናገራለች፣ ሚጡ በቀኝ በኩል ትጽፋለች።

ከሰባት ዓመት በፊት እናታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ወደቁ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸው ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኑ። ሚጡ አላገባችም፣ ቤቱም የእናቷ ነው፣ ስለዚህ ማን ያስታምማል የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ጠዋት አጥባ፣ አልብሳ፣ አጉርሳ ትወጣለች። ቀን ጎረቤት ብቅ እያለች ታያቸዋለች። ማታ እሷው ናት። እትዬ በሁለት ወር አንዴ ትመጣለች፣ ግማሽ ቀን ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሄዳለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።

በሁለተኛው ዓመት ለልብስ ክፍላችን አዲስ ማሽኖች ተገዙ። አንድ ሰው ለሦስት ሳምንት ሄዶ እንዲሠለጥን፣ ሲመለስም የክፍሉ ኃላፊ እንዲሆን ተወሰነ። የተመረጠችው ሚጡ ናት። እጇን የሚስተካከል አልነበረም። ለእህቷ ደወለች።

«እትዬ፣ እማዬን ለሦስት ሳምንት ብቻ ያዥልኝ።»

«ወይ ሚጡዬ፣ ደስ ባለኝ» አለች እትዬ። «ግን ግቢውን ታውቂው የለ? ሣርና ጉድጓድ ነው። ጎማው ይሰምጣል። ከበሩ እስከ ቤቱ የሚያስገባ መንገድ እኮ የለም። እማዬን በሸክም አናስገባት።»

ሚጡ ግቢውን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። ልክ ነበር። ሥልጠናውን ተወችው። በእሷ ቦታ የሄድኩት እኔ ነኝ። ተመልሼ ኃላፊ የሆንኩትም እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም፤ «አንቺ ባትሄጂ ማን ይሄድ ነበር» ብላ አለፈችው።

ቅዳሜዎቹ ግን ቀጠሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እናቷም ይሰማሉ። እትዬ ትተርካለች። ትናንት ሸረሪቷ ተርብ ያዘች፣ ተርቡ ግን ድሩን ቀዶ አመለጠ። አረንጓዴዋ ፌንጣ ባሏን በላችው። ይሄኔ እናቷ በደህናው የአፋቸው ጎን ይስቃሉ። ሚጡ ትጽፋለች። «ሳምንቱ ሙሉ መጥረግና ማጠብ ነው። ቅዳሜ ግን እትዬ ግቢ ውስጥ ነው የምውለው» ትለኝ ነበር።

ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ልብስ ሊያስጠግን መጥቶ ደብተሩን አየ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይቀዳዋል። ሁለቱን ግቢዎች የሚያወዳድር ትልቅ ሰንጠረዥ ሠርቶ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከታች «ሁለት እህትማማቾች» ብሎ ጻፈበት። ሚጡ ሄዳ አይታው ስትመለስ ያን ቀን ሁለት ጋውን ላይ ማሰሪያውን ገልብጣ ሰፋች።

እናቷ ያረፉት አምና በብርዱ ወራት ነው። ቅዳሜዎቹ ሳይቋረጡ ዓመቱ ዞሮ መጸው ገባ። አንድ ቅዳሜ እትዬ አዲስ ወሬ ይዛ ደወለች።

«ሚጡ፣ ያቺ ከታንከሩ ጀርባ ያለችው ወለደች። ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላቸዋለች። ብታዪ፣ እንደ አሸዋ ናቸው።»

«የቷ?»

«ባለ ቢጫዋ ነቻ። የድሯ መሃል ላይ ቁጭ ብላ።»

ሚጡ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልጆቿን የምታዝል ሸረሪት አለች፤ ድር የማትሠራዋ፣ መሬት ላይ የምትሮጠው ቡናማዋ ናት። ባለ ቢጫዋ እንቁላሏን እንደ ትንሽ እንስራ በመሰለ ከረጢት ታንጠለጥልና ብርድ ሲገባ ትሞታለች፣ ልጆቿን አታያቸውም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሚጡ ሌላ ነገር አይታ አታውቅም።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

ሰኞ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ እንደ ሙሽራ ፈክቷል። እህቷን አልተጠራጠረችም። የጠረጠረችው ዘጠኝ ዓመት የጻፈችውን ደብተር ነው። «እኔ የማላውቀው ነገር ኖሯል ማለት ነው። ሳይበተኑ ደርሼ ማየት አለብኝ» አለች። ፈቃድ የምሰጠው እኔ አይደለሁ፣ ረቡዕን ሰጠኋት። ለእህቷ አልደወለችም። ድንገት ገብታ ልታስደስታት ነበር ያሰበችው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ደረሰች። በሩን የከፈተላት የእህቷ ባል ነው፣ እጁ ላይ የመኪና መወልወያ ጨርቅ ይዟል።

«ሚጡ! ምነው ሳትናገሪ? ግቢ፣ ግቢ። እህትሽ ገበያ ወጥታለች፣ አሁን ትደርሳለች።»

ገባች። ገብታም ቆመች።

ሣር የለም። ከበሩ ጀምሮ እስከ ቤቱ ደፍ፣ ከአጥር እስከ አጥር፣ ግቢው ሲሚንቶ ነው። ለስላሳ፣ ግራጫ፣ በውሃ የታጠበ። መሃሉ ላይ የማስተማሪያው መኪና ቆሟል። የውሃ ታንከሩ እዚያው ጥግ ላይ አለ፣ ግን ብረት መቆሚያ ላይ ወጥቷል፣ ከጀርባው የተለሰነ ነጭ ግድግዳ ነው። አንዲት ቅጠል እንኳ አልነበረችም።

«ጋሼ» አለች ሚጡ፣ «ሸረሪቷስ?»

«የምን ሸረሪት?»

«ከታንከሩ ጀርባ ያለችው።»

ሰውዬው ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። «እዚህ ሸረሪት ብቅ ካለች እኔ ነኝ በመጥረጊያ የምሸኛት። ይኸውልሽ፣ እንደ ሳህን ነው። ዝናብ ቢዘንብ ጭቃ የለ፣ ምን የለ። ከሠራነው ሰነበተ እኮ፤ አላየሽውም እንዴ?»

በሩ አጠገብ፣ ሲሚንቶው እርጥብ ሳለ ሠራተኞቹ በሚስማር ቀን ጭረውበታል። ሚጡ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ካነበበች በኋላ ወዲያው ቀና አላለችም። ቀኑ እናቷን ለሦስት ሳምንት ያዥልኝ ብላ ከደወለችበት ቀን በሁለት ወር ይቀድማል።

ከዚያ ያደረገችውን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ከበሩ እስከ ቤቱ ደፍ በእርምጃ ለካች። አሥራ ዘጠኝ እርምጃ። ደፉ ላይ መኪናው ቤቱ ጎን ወዳለው ጋራዥ እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ተዳፋት አለ። አንዲት ደረጃ እንኳ የለችም። ወንበሩን በአንድ እጅ እየገፋች እስከ ሳሎን ማድረስ ትችል ነበር።

እትዬ አትክልት የሞላ ዘንቢል ይዛ ገባች። ሚጡን ሲሚንቶው መሃል ቆማ ስታያት ዘንቢሉን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ባሏ «እንግዳ አለሽ» አለና መኪናውን ወደ መወልወሉ ተመለሰ።

«የቱ ጋ ነው እትዬ?» አለች ሚጡ።

«ምኑ?»

«ልጆቿን ያዘለችው።»

እትዬ ቤት ገባች፣ ሚጡም ተከተለቻት። ስልኩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ እትዬ አንድ መጽሐፍ አወረደች፣ ልጇ ትንሽ ሳለች የተገዛላት ባለ ሥዕል የነፍሳት መጽሐፍ። የተገለጠው ገጽ ላይ ሁለት ሸረሪቶች ጎን ለጎን ተሥለዋል፣ በግራ ባለ ቢጫዋ፣ በቀኝ ቡናማዋ። እትዬ የግራዋን ሥዕል አይታ የቀኟን ጽሑፍ ነበር ያነበበችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ከዚህ ነው» አለች። «ሁሉም ከዚህ ነው። ያለቀብኝን ደግሞ ከራሴ እጨምር ነበር። መጀመሪያ ላይ፣ ግቢው ሲለሰን፣ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን ቀድመሽ 'ሸረሪቶቹ እንዴት ናቸው' አልሽኝ። ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበር። ደህና ናቸው አልኩሽ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጠየቅሽኝ። ከእማዬ ጋር ታስረሽ ሌላ ምን ደስታ ነበረሽ ሚጡ? እሱንም ልቀማሽ?»

ሚጡ መጽሐፉን ዘጋችው። «የሸረሪቷን ተይው። ጎማው ይሰምጣል ያልሽኝስ?»

እትዬ ማልቀስ ጀመረች። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

«አልችልም ነበር» አለች። «እማዬን እንደዚያ ሆና ማየት አልችልም ነበር። እናንተ ጋ መጥቼ በተመለስኩ ቁጥር ሁለት ቀን እተኛለሁ። ጋሼሽን ጠይቂው። ሦስት ሳምንት እዚህ ቤት፣ እያጠብኩ፣ እያጎረስኩ... አልችልም ነበር።»

«አልችልም ብትዪኝ እሰማሽ ነበር» አለች ሚጡ። «አንቺ ያልሽኝ ግን መንገድ የለም ነው።»

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሚጡ በላች። ለምን በላሽ ብያት ነበር። «ሰውዬው ምንም አያውቅም። እሱ ፊት ሳህን መግፋት አሳፈረኝ» አለችኝ። ባልየው አንድ ተማሪው በፈተና ቀን የፖሊስ መኪና ገጭቶ እንዴት እንዳለፈ ሲያወራ አንዷም አልሳቀችም። በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሰች። እትዬ እስከ መናኸሪያው ልሸኝሽ ብትላት «መንገዱን አውቀዋለሁ» አለቻት።

በማግሥቱ ሥራ ገባች፣ ማሽኗን ዘይት አጠጣች፣ ስትሰፋ ዋለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር። የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ አንሶላ ስናጥፍ ነው። «የሚገርምሽ» አለችኝ፣ «እማዬ የሳቀችው ሳቅ ነው ያናደደኝ። እኔስ ይሁን። እሷን አልጋ ላይ አስተኝቶ ከልጆች መጽሐፍ ማንበብ...» አልጨረሰችውም።

የአንሶላውን ጫፍ ተቀበልኳት። ያቺን ሦስት ሳምንት የበላሁት እኔ አይደለሁም ወይ?

ከዚያ ወደ መምህሩ ሄደች። ማንም አላስገደዳትም፤ ዝም ብትል ሰንጠረዡ እንደተሰቀለ ይኖር ነበር። በዕረፍት ሰዓት ክፍሉ ድረስ ገብታ፣ በቀኝ በኩል ያለው የስድስት ዓመት ጽሑፍ ሁሉ ሐሰት መሆኑን ነገረችው። የእህቷን ነገር አላወራችም፣ «የነገረኝ ሰው አላየም ነበር» ብቻ አለች። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አላት፣ «የእርስዎ ግቢስ? እሱ እውነት ነው?»

ይህን ስትነግረኝ ነው ዓይኗ ውሃ የሞላው። «መጠየቁ ልክ ነው» አለች። «እኔ ብሆንም እጠይቅ ነበር። ግን ዘጠኝ ዓመት በርጩማ ላይ ተቀምጬ...»

ለመምህሩ ግን «መጥተው ይዩ» አለችው። ሐሙስ ከሰዓት መጣ። አጥሩ ሥር ተንበርክኮ ቆየ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ሆነ። ያየውን ከደብተሩ ጋር አስተያየ፣ አንድም አልተዛነፈም። ሰንጠረዡን አውርዶ ባለ አንድ ግቢ አድርጎ ሠራው። «ሁለት እህትማማቾች» የሚለው ቀረ። ደብተሩ ላይ ሚጡ ራሷ የቀኙን ዓምድ በእርሳስ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። በእስክሪብቶ ያልሰረዘችው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እትዬ ቅዳሜ ትደውላለች። ሦስት ቅዳሜ አልተነሳላትም። በአራተኛው ሚጡ አነሳች። አሁን የሚያወሩት ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ልጅቷ ፈተና፣ ስለ ባልየው ወገብ ነው። ባለፈው ጊዜ እትዬ ራሷ መጥታ ነበር። ጓሮው ውስጥ ተቀምጣ «አሳዪኝ እስቲ» አለቻት። ሚጡ አሳየቻት። እትዬ ድሩን እያየች «ይቅር በዪኝ» አለች። ሚጡ «እሺ» አለች። እሺ ማለት ይቅር ብዬሻለሁ ማለት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ሸረሪት እፈራለሁ። ከእጄ መዳፍ የምታንስ ነገር እንዲህ ልብ ታርዳለች ብዬ አላስብም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ባለ ቢጫዋን አሳየችኝና «ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ምንም። ዓይኔን ጨፍኛለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝና የአዲሱ ገጽ ባዶ ቀኝ ዓምድ ላይ ስሜን ጻፈች። ከሥሩ «ፈርታ አላየችም» ብላ ጨመረች። ጥሩ አጀማመር ነው ብላኛለች።

ያለፈው ቅዳሜ ጓሮው ውስጥ እያለን ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናት። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ መድኃኒቷ ጠየቀቻት፣ አዳመጠች። «እዚያ ዝናብ ነው? እሺ» አለችና ዘጋችው። ስልኩን ይዛ የእህቷ ከተማ ባለበት በኩል ሰማዩን አየችው። ከአጥሩ በላይ ጥርት ያለ ሰማይ ነበር፣ ግን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ከዚህ ሆኖ ማን ያውቃል።

«ይዘንብ ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል» አለችና በርጩማዋን ወደ ጽጌረዳው አስጠጋች።